ግሊሰሪን ተቀብተን ፊታችን ለምን ይወጠራል? ውሃ ሳቢዎችና አሟሚዎች በቅባት ውስጥ

ጥቅምት ገብቶ ሰማዩ ሲጠራ በአዲስ አበባ መድኃኒት ቤቶች አንድ ቅሬታ ይደጋገማል፤ «ግሊሰሪን ሳላቋርጥ እቀባለሁ፣ ቆዳዬ ግን ጭራሽ እየነጣ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፊቴ ይወጠራል»። ያው ሰው ያንኑ ግሊሰሪን ነሐሴ ላይ ሲቀባ ምንም አላለም። ግሊሰሪኑ አልተበላሸም። የተለወጠው አየሩ ነው፤ ግሊሰሪን ደግሞ አየሩን ተከትሎ የሚለዋወጥ ነገር ነው።

ግሊሰሪን ውሃ ሳቢ ነው። እያንዳንዱ ሞለኪውል ውሃን የሚይዝባቸው ሦስት ቦታዎች አሉት። ሥራው በአቅራቢያው ያገኘውን ውሃ ይዞ ማቆየት እንጂ ውሃ ማምጣት አይደለም። ምን ያህል እንደሚይዝ የሚወስነው በዙሪያው ያለው እርጥበት ነው፤ ጨው በክረምት በዕቃው ውስጥ እንደሚረጥበው፣ በበጋ ደግሞ ደርቆ እንደሚበተነው ማለት ነው። በአኃዝ ሲታይ ልዩነቱ ይገርማል። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 80 በመቶ ሲሆን 100 ግራም ግሊሰሪን ክብደቱን የሚያህል፣ ወደ 95 ግራም የሚደርስ ውሃ ይይዛል። እርጥበቱ 50 በመቶ ሲሆን የሚይዘው 26 ግራም ያህል ነው። ወደ 30 በመቶ ሲወርድ ከ12 ግራም ብዙም አይዘልም።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ውሃ ከማንኛውም እርጥብ ነገር ላይ ፈጥኖ ይተናል። በበጋ ቀትር ከለገሃር ተነስቶ በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ የሚወጣ ሰው ፊት ላይ ደረቅ አየር፣ ነፋስና ጠንካራ ፀሐይ አንድ ላይ ይወርዱበታል። እዚያ ፊት ላይ ያልተበረዘ ግሊሰሪን ካለ ከአየሩ የሚያገኘው ውሃ ጥቂት ነው። ስለዚህ ወደ ታች ይስባል፤ ከቆዳው ከራሱ። ከታች የመጣው ውሃ ላይኛው ገጽ ላይ ሲደርስ የሚከለክለው ክዳን ስለሌለ ወደ አየሩ ይሄዳል። መወጠሩ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ይህን ሰምቶ «ግሊሰሪን ቆዳ ያደርቃል» ብሎ መደምደም ግን ስህተት ነው፤ ወሬው ከእውነቱ በጣም ተጋንኗል። በክሬም ወይም በሎሽን ውስጥ ከ3 እስከ 10 በመቶ የገባ ግሊሰሪን በደረቅ አየርም ይሠራል፤ ምክንያቱም አብሮት ውሃም ቅባትም አለ። ደግሞ አይተንም፤ የሚፈላው በ290 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። እስኪታጠብ ወይም ልብስ እስኪጠርገው ድረስ ቆዳው ላይ ይቆያል። ችግሩ ያለው ሳይበረዝ፣ ደረቅ ቆዳ ላይ፣ ሳይሸፈን ሲቀባ ነው። ሦስቱም ጥፋቶች በአንድ ሰው ላይ ብዙ ጊዜ አብረው ይገኛሉ።

ቆዳ የራሱ ውሃ ሳቢ አለው

የላይኛው የቆዳ ሽፋን ከወረቀት የሳሳ፣ ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር የሚሆን የሞቱ ሕዋሳት ድርድር ነው። በሕዋሳቱ ውስጥ አሚኖ አሲዶች፣ ላክቴት፣ ዩሪያና መሰል ውሃ ሳቢዎች አሉ፤ በሕዋሳቱ መካከል ደግሞ ውሃው እንዳያመልጥ የሚያደርግ ቅባት አለ። ይህ ሽፋን ውሃ ሲያጣ መላላጥ ይጀምራል። ምክንያቱ ብዙ ሰው እንደሚያስበው «ቆዳው ስለሞተ» አይደለም። ያረጁ ሕዋሳትን እርስ በርስ ያጣበቁትን ማሰሪያዎች የሚቆርጡ ኢንዛይሞች አሉ፤ እነሱም ለመሥራት ውሃ ይፈልጋሉ። ውሃ ሲያንስ ማሰሪያው በወጉ አይቆረጥም፤ ሕዋሳቱ አንድ በአንድ መርገፋቸው ቀርቶ በቁርጥራጭ ተነባብረው ይቀራሉ። አመድ የመሰለው ንጣት እሱ ነው። ስለዚህ መላላጥን በሻካራ ጨርቅ ፈግፍጎ ማስለቀቅ ለአንድ ቀን ያሳምራል፣ በማግስቱ ግን ይብሳል።

በሙቅ ውሃ ረጅም ጊዜ መታጠብና ጠንካራ ሳሙና የቆዳውን የራሱን ውሃ ሳቢዎች አጥበው ይወስዳሉ። የተለመደ ደረቅ ሳሙና ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይጨምራል) 9 ወይም 10 አካባቢ ነው፤ የቆዳ 5 ገደማ። በበጋ ሳሙናን ለብብት፣ ለብልትና ለእግር ወስኖ ክንድና ቅልጥምን በውሃ ብቻ ማለፍ ከብዙ ውድ ሎሽን ይሻላል።

ግሊሰሪንን በትክክል መጠቀም

ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ወፍራም ግሊሰሪን ንጹሕ ነው ማለት ይቻላል። እሱን በቀጥታ ፊት ላይ ማፍሰስ አያስፈልግም። 10 ሚሊ ሊትር ግሊሰሪን በ90 ሚሊ ሊትር ውሃ ይበረዝ። ግሊሰሪን ከውሃ ስለሚከብድ፣ 1 ሚሊ ሊትሩ 1.26 ግራም ስለሆነ፣ ይህ በክብደት 12 በመቶ ገደማ ይሆናል። ለሰውነት በቂ ነው። ለፊት 5 ሚሊ ሊትር በ95 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 6 በመቶ ገደማ፣ ይመረጣል፤ አያጣብቅም። ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም የተጣራ ይሁን። የጽጌረዳ ውሃ የሚወዱ ሰዎች መለያውን ያንብቡ፤ አንዳንዱ አልኮልና ሽቶ የተጨመረበት ነው፣ ያም የታሰበውን ሥራ ይቃረናል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ንጹሕ ግሊሰሪን ለዓመታት ሳይበላሽ ይቀመጣል፤ ውሃውን አጥብቆ ስለሚይዝ ተሕዋስያን የሚጠጡት አያገኙም። በውሃ ሲበረዝ ግን ይህ መከላከያ ያበቃል። 6 በመቶ ግሊሰሪን ያለበት ውሃ ለባክቴሪያ ምግብ ነው። መከላከያ ኬሚካል ያልገባበት የቤት ቅይጥ ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጦ በአንድ ሳምንት ይለቅ፤ ከደፈረሰ ወይም ሽታው ከተለወጠ ይደፋ። ስለዚህ ጥቂት ጥቂት መበረዝ ነው እንጂ የሁለት ሊትር ጠርሙስ ሞልቶ ለቤተሰብ ማከፋፈል አያዋጣም። ንጹሑም ቢሆን ክዳኑ በደንብ ይገጠም፤ ክፍት ከተተወ ከአየሩ ውሃ እየሳበ ይቀጥናል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ከታጠባችሁ በኋላ ቆዳውን በፎጣ ነካ ነካ እያደረጋችሁ ጠብታው ብቻ እንዲሄድ አድርጉ፣ አታሹት። ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ፣ በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ፣ የተበረዘውን ግሊሰሪን ተቀቡ። ወዲያው በላዩ ላይ ክሬም ወይም ቫዝሊን ደርቡ። ቫዝሊን ውሃ አይሰጥም፤ የውሃ መውጫውን ይዘጋል፣ በዚህም የሚያህለው የለም። ብዛቱ ደግሞ ትንሽ ነው፤ ከቱቦ የወጣ፣ ከጠቋሚ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የሚደርስ ክሬም ግማሽ ግራም ይሆናል፤ ሁለት የአዋቂ መዳፍ ከነጣቶቹ የሚያህል ቦታ ይሸፍናል። ለፊትና ለአንገት ሁለት ተኩል እንዲህ ያለ መስመር ይበቃል።

ቅደም ተከተሉን መገልበጥ አይሠራም። መጀመሪያ ቫዝሊን ወይም ዘይት ከተቀባ በላዩ የሚመጣው ግሊሰሪን ጠብታ ጠብታ ሆኖ ይቀራል፣ ቆዳው ጋ አይደርስም። ሁለቱን አንድ ላይ አቅልጦ ማዋሐድም ከንቱ ድካም ነው። ቫዝሊን ዘይታማ፣ ግሊሰሪን ውሃ ወዳድ ነው። ሙቅ ሳሉ የተዋሐዱ ይመስላሉ፤ ሲቀዘቅዙ ግሊሰሪኑ በጠብታ ይለያል። ከዚያ አንዱ ቀን ማጣበቅ፣ ሌላው ቀን ቅባት ብቻ ይሆናል። ሁለቱን የሚያስታርቅ አዋሃጅ የሌለበት ቅይጥ ክሬም አይሆንም።

ሌሎቹ ውሃ ሳቢዎች

ሃያሉሮኒክ አሲድ አሁን የሁሉም ሴረም (ፊት ላይ የሚቀባ ቀጭን ፈሳሽ) ስም ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1934 ከከብት ዓይን ውስጥ የተለየ፣ በሰውም ቆዳ ውስጥ ያለ ግዙፍ ሞለኪውል ነው። ግዙፍነቱ ራሱ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ያደርገዋል፤ ትልቁ ዓይነት ቆዳው ላይ ተቀምጦ ስስ እርጥብ ሽፋን ይሠራል። በሴረም ውስጥ የሚገባው ብዙ ጊዜ ከ1 በመቶ በታች ነው፤ ከዚያ ብዙ ከጨመረ ፈሳሹ ጄል ይሆናል። ጠርሙስ ላይ «100 በመቶ ሃያሉሮኒክ» የሚል ጽሑፍ ስታዩ ንጹሑ ዱቄት መሆኑን አስታውሱ፤ የያዛችሁት ፈሳሽ በአብዛኛው ውሃ ነው። ይህ ማታለል ነው ለማለት ሳይሆን ዋጋውን ከግሊሰሪን ጋር ለማመዛዘን ይረዳል። በደረቅ ፊት ላይ ተቀብቶ ሳይሸፈን ከቀረ ሽፋኑ ይደርቅና ፊትን ይጨብጣል፤ በላዩ ዱቄት ወይም የፀሐይ መከላከያ ሲታሽበት እንደ ላጲስ ፍርፋሪ ይነሳል። መድኃኒቱ መጠኑን መቀነስና እርጥብ ፊት ላይ መቀባት ነው።

ዩሪያ እኛ ዘንድ በማዳበሪያነቱ ይታወቃል። ሞለኪውሉ አንድ ነው፣ ንጽሕናው ግን አይገናኝም፤ የማሳ ዩሪያ ለቆዳ አይደለም። በክሬም ከ5 እስከ 10 በመቶ ሲሆን ውሃ ይይዛል። ከ20 በመቶ ሲያልፍ ሥራው ይለወጣል፤ የደደረውን የቆዳ ፕሮቲን እየፈታ ያሳሳል። ለተሰነጠቀ ተረከዝ ከ20 እስከ 40 በመቶ የሚታዘዘው ለዚህ ነው። ያንኑ የተረከዝ ክሬም ፊት ላይ ማድረግ ያቃጥላል። ስንጥቁ ደም የሚያሳይ ከሆነም ቀድሞ በቫዝሊን ይደን፣ ዩሪያው ይቆይ።

ሶርቢቶል፣ ፓንቴኖልና ሶዲየም ላክቴት የተለመዱ ረዳቶች ናቸው፤ በተናጠል ፈልጎ መግዛት አያስፈልግም። ማርም ውሃ ሳቢ ነው፣ ግን ያጣብቃል፣ ዝንብም ይጠራል።

አሟሚዎች፦ መድኃኒቱን ተሸክሞ የሚገባው

ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ ስለ ውሃ ነው። ግን የብዙ ክሬምና ሎሽን ዝርዝር ውስጥ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ላይ የሚገኘው ፕሮፒሊን ግላይኮል ወይም ቡቲሊን ግላይኮል ውሃ ከመያዝ የሚበልጥ ሥራ አለው፤ በውሃ የማይሟሟውን ያሟማል።

ሳሊሲሊክ አሲድን እንውሰድ፤ ለብጉር በ2 በመቶ የሚሸጠውን። አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ከዚህ አሲድ የሚያሟማው 2 ግራም ገደማ ነው፤ ምርቱ ግን በሊትር 20 ግራም ይፈልጋል። ቀሪውን የሚሸከሙት አልኮልና ግላይኮሎቹ ናቸው። «በጣም ጠንክሮብኛል» ብሎ ጠርሙሱ ውስጥ ውሃ የሚጨምር ሰው የአሟሚውን ድርሻ ያሳንሳል፤ አሲዱ እንደ መርፌ ባሉ ክሪስታሎች ይወርዳል። ከላይ ያለው ባዶ፣ ከታች ያለው የሚያቃጥል ይሆናል። ለማለዘብ ትክክለኛው መንገድ በሁለት ቀን አንዴ መቀባት ወይም መጀመሪያ ቀጭን ክሬም መደረብ ነው።

ፀጉር ለማብቀል የሚቀባው ሚኖክሲዲል ደግሞ ይህን ይበልጥ ያሳያል። አንድ ሚሊ ሊትር ውሃ 2 ሚሊ ግራም ብቻ ያሟማል፤ 5 በመቶው ምርት በሚሊ ሊትር 50 ሚሊ ግራም ይይዛል። ስለዚህ ፈሳሹ ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ አልኮልና ጥቂት ውሃ ነው። ራስ ላይ ሲቀባ መጀመሪያ አልኮሉ ይተናል፤ የቀረው ፈሳሽ ሲያንስ ከሚችለው በላይ መድኃኒት ይሸከማል፤ ያ መጨናነቅ መድኃኒቱን ወደ ቆዳው ይገፋዋል። የተረፈው ፀጉር ሥር ነጭ ብናኝ ሆኖ ይታያል፤ ፎሮፎር አይደለም፣ የመድኃኒቱ ክሪስታል ነው። ሪዝ ወይም ፀጉር ለማብቀል ብለው ከጀመሩ በኋላ ማሳከክና መቅላት የሚገጥማቸው ወጣቶች ብዙ ጊዜ የሚከሱት መድኃኒቱን ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋተኛው አሟሚው ነው። በአረፋ መልክ የሚመጣው ሚኖክሲዲል ፕሮፒሊን ግላይኮል የለበትም።

አሟሚ ኃይልንም ይለውጣል። 0.05 በመቶ ቤታሜታዞን ዳይፕሮፒዮኔት በተለመደ ክሬም ውስጥ ጠንካራ ከሚባሉት ስቴሮይዶች (የቆዳ ቁጣን የሚያበርዱ መድኃኒቶች) ተርታ ነው። ያው 0.05 በመቶ ፕሮፒሊን ግላይኮል በተጨመረበት የተጠናከረ ቅባት ውስጥ ሲገባ እጅግ ጠንካራ ወደሚባለው መደብ ይወጣል። ቁጥሩ አልተለወጠም፤ ወደ ቆዳ የሚገባው መጠን ግን ጨመረ። ፊት ለማቅላት ተብሎ የስቴሮይድ ክሬምን ከሎሽንና ከግሊሰሪን ጋር ቀላቅሎ መሸጥም ሆነ መቀባት ለዚህ ነው አደገኛ የሚሆነው። በቅይጡ ውስጥ ምን ያህል እንደሚገባ ቀላቃዩም አያውቅም። ውጤቱ የሳሳ ቆዳ፣ የሚታዩ ቀያይ ደም ሥሮች፣ ብጉርና ሲቆም የሚብስ መቅላት ነው። እንዲህ ያለ ቅይጥ ለወራት የተጠቀመ ሰው በድንገት ከማቆሙ በፊት የቆዳ ሐኪም ያማክር።

አልኮል ሁለት መልክ አለው። የሚተነው ኤታኖል አሟሚ ነው፤ ሲተን የቆዳውን ቅባት እያላላ ያደርቃል። ሴቲልና ስቴሪል አልኮል ግን ሰም መሰል ጠጣሮች ናቸው፤ ክሬሙን ያወፍራሉ፣ ቆዳውን ያለሰልሳሉ። ስማቸውን አይቶ ክሬሙን መመለስ አያስፈልግም። የኤታኖልን ማድረቅ ለማካካስ ምን ያህል ውሃ ሳቢ እንደሚበቃ የዓለም ጤና ድርጅት የእጅ ሳኒታይዘር ቀመር ይነግረናል፤ ለ10 ሊትር 8,333 ሚሊ ሊትር 96 በመቶ ኤታኖል፣ 417 ሚሊ ሊትር 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና 145 ሚሊ ሊትር 98 በመቶ ግሊሰሪን፣ የቀረው ውሃ። ግሊሰሪኑ 1.45 በመቶ ብቻ ነው። እጅ እንዲለሰልስ ብሎ ከዚህ ማብዛት እጅን ያጣብቃል፣ የአልኮሉንም ጀርም የመግደል ኃይል ይቀንሳል።

መለያውን ማንበብ

ፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈው ማስታወቂያ ነው፤ ጉዳዩ ጀርባው ላይ ነው። ንጥረ ነገሮቹ ከብዙ ወደ ጥቂት ይደረደራሉ፤ ከ1 በመቶ በታች ያሉት ግን አምራቹ እንደፈለገ ሊያስቀምጣቸው ይችላል። ድንበሩን ለመገመት ፌኖክሲኤታኖል የሚባለውን የተለመደ መከላከያ ኬሚካል ፈልጉ፤ የአውሮፓ ሕግ ከ1 በመቶ በላይ እንዲገባ አይፈቅድም። ከእሱ በኋላ የተጻፈ ሁሉ ከ1 በመቶ በላይ አይሆንም። ግሊሰሪን ከውሃ ቀጥሎ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ላይ ካለ ምርቱ በእውነት ውሃ ሳቢ ነው። ማርና እሬት በስዕል ደምቀው በዝርዝሩ ጭራ ላይ ከተገኙ ለሽታና ለስም የገቡ ናቸው።

ግሊሰሪን ሲገዛ ለመድኃኒትነት ደረጃ የተዘጋጀ፣ የአምራች ስም፣ የምርት ቁጥርና የአገልግሎት ማብቂያ ቀን የታተመበት ይሁን። ከትልቅ በርሜል በላስቲክ ጠርሙስ የሚቀዳ አይገዛ። ግሊሰሪንና ፕሮፒሊን ግላይኮል ዳይኤቲሊን ግላይኮል በሚባል መርዛማ የኢንዱስትሪ አሟሚ ሲተኩ ወይም ሲበከሉ በዓይን አይለዩም፤ እሱም ግልጽ፣ ወፍራምና ጣፋጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 በአሜሪካ በዚህ አሟሚ የተዘጋጀ ሽሮፕ ከ100 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ በ2022 በጋምቢያ በእሱና በኤቲሊን ግላይኮል የተበከሉ የልጆች ሽሮፖች ከሕፃናት ሞት ጋር ተያይዘው የዓለም ጤና ድርጅት ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ጉዳቱ በመዋጥ ነው። ምንጩ የማይታወቅ ግሊሰሪን ለልጅ ሳልም ሆነ ለከንፈር አይሁን።

ፕሮፒሊን ግላይኮል ራሱ በምግብም ውስጥ እንዲገባ የተፈቀደ ነው፤ ከመኪና ማቀዝቀዣው ኤቲሊን ግላይኮል ጋር አይምታታ። ሆኖም አንዳንድ ቆዳ አይቀበለውም፤ የአሜሪካ የንክኪ አለርጂ ሐኪሞች ማኅበር የ2018 «የዓመቱ አለርጂ ቀስቃሽ» ብሎታል። ችፌ ያለበት ሰው ይበልጥ ይጠንቀቅ። አዲስ ክሬም ፊት ላይ ከማድረጋችሁ በፊት በክንድ ውስጠኛ ክፍል፣ የ50 ሳንቲም ጥቂት እጥፍ በሚያህል ቦታ ላይ፣ ጠዋትና ማታ ለ7 ቀን ተቀቡ። ወዲያው ለብልቦ በደቂቃዎች የሚጠፋ ስሜት ብዙ ጊዜ ማስቆጣት ብቻ ነው። ከቀናት በኋላ የሚመጣ፣ የሚያሳክክ፣ ሽፍታ ያለውና ከተቀባበት ቦታ አልፎ የሚሰፋ መቅላት አለርጂን ያመለክታል። ያን ጊዜ ክሬሙን አቁማችሁ ማሸጊያውን ሳትጥሉ ወደ ቆዳ ሐኪም ይዛችሁ ሂዱ፤ ዝርዝሩ ከሌለ ሐኪሙ የትኛውን ንጥረ ነገር ጀርባ ላይ ለጥፎ በ48 ሰዓት እንደሚፈትሽ ለመምረጥ ይቸገራል።